ለመርከብ የመጣ መርዶ

አቶ መኩሪያ የእድሩ ሊቀመንበር ስለሆኑ ሳሎኑ መሀል፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው ነበር። አጠገባችን ባለችው ቡሪየን ከተማ ሱቅ ያላቸው ወዳጃችን አቶ ሙዘይን ከበሩ አልራቁም፤ በአንድ እጃቸው ዳቦ፣ በሌላው ስኳር የያዘ ፌስታል አንጠልጥለው ጫማቸውን የሚያወልቁበት ቦታ ይፈልጋሉ። የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ወይዘሮ ብርሃኔ ነጠላዋን በለቅሶ ደንብ አዘቅዝቃ መስኮቱ ጥግ ቆማለች። ልጄ ሰናይት በዚያ ሰዓት ከሬድመንድ ድረስ መጥታ ኩሽናው ደፍ ላይ ነበረች፤ የመሥሪያ ቤት ካርዷ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ባለቤቴ ደምሰው ከመኝታ ቤት በፒጃማ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እኔ ከኋላው ነበርኩ። ገና በደንብ አልነጋም። የመጡት መርዶ ሊነግሩ ነው። የሞተ ሰው ግን አልነበረም። ለመርከብ ነው የመጡት።

ይህን ያስታወሰኝ የቀለም ሽታ ነው። ሰሞኑን ሁለት ሠራተኞች የሕንፃችንን የደረጃ ብረት ሊቀቡ መጥተው፣ ዝገቱን ፍቀው ከሁሉ በፊት የሚቀባውን ቀዩን ቀለም ቀቡት። በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። ያ ሽታ በአንድ ወቅት ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ቤቴ ይገባ የነበረ ሽታ ነው፤ በባለቤቴ ቱታ፣ በጥፍሮቹ፣ በጸጉሩ። ቱታውን ከአሮጌ ልብስ መሸጫ በአራት ዶላር ነው የገዛው። በባልዲ ለብቻው እዘፈዝፈው ነበር፤ የሕንፃው ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከገባ ከእሱ በኋላ የሚያጥበው ሰው አንሶላ ቀልቶ ይወጣል። አንድ ጊዜ ወይዘሮ ብርሃኔ ነጭ ቀሚሷ ላይ ቀይ ነገር አግኝታ ከታች እስከ ላይ በር እያንኳኳች ጠይቃለች። እኔን ስትጠይቀኝ «የዕቃ ቀለም ይሆናል» አልኳት። እውነት ነበር።

ያኔ የምንኖርበት የአሜሪካ ከተማ፣ ሲታክ፣ ሌላ ነበር። ባቡሩ አልተሠራም። ኢንተርናሽናል ቡሌቫርድ ላይ ነዳጅ ማደያው ጥግ ቆመን አንድ መቶ ሰባ አራት ቁጥር አውቶቡስን እንጠብቃለን። ታሪፉ አንድ ዶላር ከሃያ አምስት ሳንቲም ነበር። ሾፌሩ ስንገባ ትራንስፈር የሚሏትን ወረቀት ይቀድልናል፤ ደግ ከሆነ ረዘም አድርጎ ይቀድዳትና ገበያ ደርሰን በእሷው እንመለሳለን። ከማደያው ቀጥሎ ያለው ሱቅ የአምስት ዶላር የስልክ ካርድ ይሸጥ ነበር፤ በካርዱ ስትደውል አንዲት ሴት የቀረህን ደቂቃ በጣፋጭ ድምፅ ትነግርሃለች፣ ከነገረችህ ግማሹን ሳታወራ ይቋረጣል። ታክሲ ነጂዎቹ ጉልበት ላይ የሚደርስ የቆዳ ጃኬት ይለብሳሉ፤ መኪናቸውን ፓርክ አድርገው መስኮት ከፍተው ካሴት ያስጮሃሉ፤ ያን ጊዜ የሁሉም ካሴት አንድ ዓይነት ይመስለኝ ነበር፣ ክራርና የሚያለቅስ ወንድ። ሴቶቹ አየር ማረፊያ ጽዳት ስለሚሠሩ ነጭ ሸራ ጫማ በረጅም ቀሚስ ያደርጋሉ። ዛሬ እዚያ ጥግ ሆቴል ቆሟል። ሸራ ጫማው ግን አለ።

ባለቤቴ አየር ማረፊያው አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ቲኬት ይቀበል ነበር። አሰብ ሳለ የመርከብ ቦይለር ሠራተኛ ነበር፤ የወጣትነት ዕድሜውን የጨረሰው በአንዲት አሮጌ የእንፋሎት መርከብ ሆድ ውስጥ ነው። ከዚያ ከተማው የታመሰ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ በእግሩ ወደ በረሃ ሲወጣ፣ እሱም ከቦይለሩ ሥር እሳቱ እንደነደደ ትቷት ወጣ። ይህ ነገር ከውስጡ አልወጣም። ቤታችን፣ ዕቃችን፣ ጓደኞቹ እዚያ ቀርተዋል፤ እነሱን አያነሳም። «መርከብ እኮ እሳቷ እየነደደ አትተውም» ይላል ድንገት፣ እራት ላይ። «እሳቷን በእጅህ ታጠፋለህ፣ ከዚያ ትሰናበታለህ።» እኔም «ብላ» እለዋለሁ።

አንድ ቀን በአውቶቡስ ወደ መሀል ከተማ ስንወርድ፣ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ፣ በወንዙ ዳር፣ ረጅም ጥቁር የጭስ ማውጫ ብቅ አለ። ንግግሩን አቋርጦ ተነሣ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«የእንፋሎት ናት።»

«ማን?»

«ቆይ» አለና የደወሉን ገመድ ሳበ። ወረድን። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበረን፤ ቀጠሮው የእኔ ነበር። ያን ቀን አልደረስንም።

ከሽቦ አጥሩ ውጭ ቆመን አየናት። በዕድሜ ከእናቴ የምትበልጥ መርከብ ነበረች፤ ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የተሠራች የብረት ጭነት መርከብ። እንጨትና የታሸገ ዓሣ ስታመላልስ ኖራ፣ ስታረጅ መጋዘን አደረጓት፤ በመጨረሻም የሚፈልጋት ጠፍቶ እዚያ ታስራ ቀርታለች። ጡረታ የወጡ አሜሪካውያን ሽማግሌዎች ማኅበር ነገር መሥርተው ቅዳሜ ቅዳሜ ዝገቷን ይፍቃሉ። አለቃቸው ዴል የሚባል፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ሰው ነው። ወደ አጥሩ መጥቶ ምን ፈልጋችሁ ነው አለን። የባለቤቴ እንግሊዝኛ ብዙም አልነበረም። «ቦይለር» አለና የገዛ ደረቱን መታ መታ አደረገ። ዴል ትንሽ አየውና በሩን ከፈተለት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የመርከቧ ሆነ። ምሳ ቋጥሬ እሰጠዋለሁ፤ አሰብ ወደብ ላይ ወዛደሮች ጭነት ሲያወርዱ የሚያዜሙትን እያንጎራጎረ ደረጃውን ይወርዳል። ዳሱ ውስጥ ለስምንት ሰዓት አንገቱን ደፍቶ የሚውለው ሰውና ይህ ሰው አንድ አይመስሉም ነበር። እኔን ውስጧ ያስገባኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በብረት መሰላል ወርደን በባትሪ እያበራ እንዴት እንደተሠራች አሳየኝ። መጀመሪያ አከርካሪዋ መሬት ላይ ይዘረጋል አለ፤ ግራና ቀኝ የጎድን አጥንቶቿ ይቆማሉ፤ በጎድኖቿ ላይ ላሜራው እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተደራረበ ይሸፍናታል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር በብየዳ አይያያዝም። ላሜራውን ከላሜራው የሚያጣብቀው ሪቬት የሚሉት ባለ ቆብ ምስማር ነው። አንዱ ሠራተኛ ከሰል ምድጃ ላይ አግሎ በጉጠት ይወረውረዋል፤ ሌላው በጣሳ ይቀልበዋል፤ ሦስተኛው ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ ከበስተውስጥ ይደግፈዋል፤ አራተኛው ከውጭ በመዶሻ ጫፉን ጠፍጥፎ ሌላ ቆብ ያወጣለታል። ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ሁለቱን ብረት ይነክሳል። «ዳሰስ አድርጊው» አለኝ። ዳሰስኩት፤ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበር፤ ባትሪው እስከሚደርስበት ድረስ በረድፍ በረድፍ ተደርድሯል። «እያንዳንዱ ትኩስ ሆኖ በሰው እጅ አልፏል፣ አስካለ» አለ። ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። ለእኔ እንዲያ የተናገረበት ሌላ ቀን ትዝ አይለኝም።

ጥቂት ዓመት እንዲህ ከሄደ በኋላ የወንዙ ዳር ባለቤቶች መርከቧ እዚያው ትሰጥምብናለች ብለው ፈሩ። ምርመራ ይደረግላት፣ ብረቷ የሚችል ከሆነ ትቆይ፣ ካልቻለ ተቆራርጣ ለብረት ትሸጥ ተባለ። ከውኃ ወጥታ ደረቅ ቦታ ላይ የተቀመጠች ቀን ሽማግሌዎቹ ሁሉ ከነሚስቶቻቸው መጡ፤ እኔና ሰናይትም ሄድን። መርማሪው ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ትንሽ መዶሻ ይዞ ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ ሆዷን እያንኳኳ ሄደ። ደህናው ብረት እንደ ደወል ይጮሃል፤ ዝገት የበላው እንደ እንጨት ድም ይላል። ከዚያ መልሶ አንዲት አነስተኛ መሣሪያ ላሜራው ላይ እየለጠፈ ውፍረቱን ያነባል፤ የሳሳውን በነጭ ጠመኔ ይከብበዋል። ሽማግሌዎቹ ከኋላው ከኋላው ይከተላሉ፤ ሐኪም ሲያልፍ ኮሪደር ላይ እንደሚነሣ የበሽተኛ ዘመድ ነበሩ። ከቀትር በኋላ ሆዷ ላይ ያልተከበበ ቦታ መፈለግ ይቀል ነበር። «ታማለች እንጂ አልሞተችም» አለ ባለቤቴ።

መርማሪው ውጤቱን በጥቂት ሳምንት ውስጥ እልካለሁ ብሎ ሄደ። ያኔ ዴል ሁሉንም ሰበሰበና ተናገረ፤ ለእኛ የተረጎመችልን ሰናይት ናት። ውጤቱ ክፉ ከሆነ፣ ጎታች ጀልባ መጥታ ሳትወስዳት አንድ ቀን ቦይለሯን እናነድዳለን አለ። ጡሩንባዋ ይሰማል። እሳቱን የሚለኩሰው፣ በመጨረሻም የሚያጠፋው ደምሰው ነው፤ ቦይለሩን ከሞት ያስነሣው እሱ ነውና። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። ባለቤቴ ወደ ልጁ ዞረ። «ንገሪው» አላት። «ያን ቀን አለሁ በዪው። ብታመም እንኳ ተሸክማችሁ አምጡኝ ብሏል በዪው።» ሰናይት ነገረችው። በገዛ አፏ ነው የነገረችው።

ውጤቱ ሳይመጣ የባለቤቴ ልብ አስቸገረውና ደረቱን ከፍተው ቀዶ ጥገና አደረጉለት። ደህና ሆኖ ወጣ። ሐኪሙ ሲያሰናብተን አታስደንግጡት ብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ቃል ለማንም ይባላል። ቃሉ ከሆስፒታሉ ወጥቶ እድሩ ዘንድ ሲደርስ ግን ሌላ ሆነ።

እዚህ አገር መርዶ ሥርዓት አለው። ከአገር ቤት የሚደወለው ለሐዘንተኛው ሳይሆን ለእድሩ ነው። እድሩ ይመክራል፤ ሰው ሥራ ሳይገባ፣ ንጋት ላይ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ይሄዳል። እስከዚያው ድረስ የሚያውቀው ሁሉ አፉን ይዘጋል። ከሐዘንተኛው ጋር ይበላል፣ ይጫወታል፣ ይስቃል። ክፉ ሥርዓት ነው አልልም፤ ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ነው የታሰበው። አቶ መኩሪያ በዚህ ሥራ ስማቸው የታወቀ ነበር። ጥቁር ኮታቸው መኪናቸው ውስጥ እንደተሰቀለ ነው የሚኖረው። ቀን ይመርጣሉ፣ ማን እንደሚናገር፣ ማን ከሐዘንተኛው አጠገብ እንደሚቀመጥ ያከፋፍላሉ። ሰው ከሥራው ሁሉ የሚያስከብረው አንድ ነገር ካገኘ እሱን ይወዳል።

ሰናይት «ዳዲ ይረፍ» ብላ የቤታችንን ስልክ ነቅላ ወስዳ፣ የራሷን ቁጥር ለሁሉም ሰጥታ ነበር። ስለዚህ ዴል ኮል ያደረገው ለእሷ ነው። ውጤቱ ክፉ ነው፣ በመጪው ቅዳሜ እናነድዳታለን፣ ለአባትሽ ቦይለሩ ፊት ወንበር አዘጋጅተንለታል አላት። ልጄ ይህን ለአባቷ አልነገረችም፤ ለአቶ መኩሪያ ነገረች። አቶ መኩሪያም መርዶ ነው አሉ፤ መርዶ ደግሞ ሰውየው ሲጠነክር፣ በሽማግሌ ነው አሉ። ለእኔም እንዳይነገር ተወሰነ። ፊቷ ላይ ይታወቃል ተብሎ ነው። ፊቴ ላይ ምንም ነገር ታውቆ አያውቅም።

በዚያ ቅዳሜ ባለቤቴ መስኮቱ ዳር ተቀምጦ ነበር። ሰናይት ሾርባ ሠርታ መጣች።

«ከዴል ወሬ የለም?» አላት።

«ኖት የት፣ ዳዲ። ገና ነው።»

ሾርባውን ጠጣ። ጥሩ ሾርባ ነበር፤ እኔም ጠጥቻለሁ።

እንዲያ የሳሱለት ልብ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ባቡሩ ሥራ ሲጀምር አብረን ተሳፍረናል፤ ወንዙን ስንሻገር ፊቱን ወደ ሌላው መስኮት ያዞራል። መርከቧ የነበረችበት ቦታ ኮንቴይነር ተደርድሮበታል ይላሉ፤ ሄጄ አላየሁም። በመጨረሻ የወሰደው ሳንባው ነው። ልቡ እስከ መጨረሻው ደህና ነበር፤ ሐኪሙም አድንቋል። ሰናይት ሬድመንድ ቤት ገዝታ ልጆች ወልዳለች፤ እሁድ እሁድ ይመጣሉ፣ በአማርኛ ስጠይቃቸው በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል። ስለዚያ ጠዋት አንድም ቀን አንስተን አናውቅም።

በዚያ ጠዋት ከእንቅልፍ የቀሰቀሰኝ ደረጃው ላይ የሚሰማ የብዙ ሰው እግር ነው። በእኛ ሕንፃ በዚያ ሰዓት ያ ድምፅ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሁሉም አልጋው ላይ ሆኖ እኔ ቤት እንዳይሆን ይላል። እግሩ በራችን ላይ ቆመ።

«ቀስ በሉ እንጂ፣ ሰው ይተኛል» የሚለው የአቶ መኩሪያ ሹክሹክታ ነው።

«እኔ እኮ ያኔውኑ ይነገረው ብያለሁ» አሉ አቶ ሙዘይን።

«አቶ ሙዘይን፣ አሁን እሱን አያንሱት።»

«አላነሣሁም። ብያለሁ ነው ያልኩት።»

ከፈትኩላቸው። ገብተው ቀደም ብዬ እንደነገርኳችሁ ቆሙ። ባለቤቴ ሲወጣ መጀመሪያ ያየው ሰናይትን ነው፤ በሕይወት አለች። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። ናዝሬት ያለ ወንድ ልጅ አለን፣ ዮናስ።

«ዮናስ ነው?» አለ።

«ይቀመጡ፣ ጋሽ ደምሰው» አሉ አቶ መኩሪያ።

«ዮናስ ነው ወይ?»

«ኧረ አይደለም! እግዜር አይበለው! ይቀመጡና…»

«ወይኔ ጋሼን!» ብላ ወይዘሮ ብርሃኔ ጀመረች።

«ብርሃኔ፣ ገና አልተነገረም» አሏት አቶ መኩሪያ በቁጣ። ከዚያ ድምፃቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን አጣምረው ተናገሩ። የተፈጠረ ሁሉ ያልፋል አሉ። ሰውም ያልፋል፣ ንጉሥም ያልፋል፣ ብረትም ቢሆን ያልፋል። «እንግዲህ ያቺ መርከብዎ… አልቻለችም። ምርመራው እንደዚያ ነው የወጣው።»

ባለቤቴ ግድግዳውን ለቀቀ። ወንበር ላይ ተቀመጠና ረጅም ትንፋሽ አወጣ። «ዮናስ ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ ዳዲ። ትናንት አውርቼዋለሁ።»

«ተመስገን» አለ። ከዚያ ፊቱ ላይ ሌላ ነገር መጣ፤ ወደ እኔ ዞረ። «ቱታው ታጥቧል?»

«ታጥቧል» አልኩት።

«ቅዳሜ ነው መቼስ። ሁልጊዜ ቅዳሜ ነው የሚሠሩት።» ወደ አቶ መኩሪያ ቀና አለ። «እስከ ቅዳሜ እጠነክራለሁ። ወንበር ላይ ሆኜም ቢሆን እሳቱን አጠፋለሁ። የሚያደርሰኝ መኪና ነው የምፈልገው።»

አቶ መኩሪያ ምንጣፉን አዩ። እሳቸው ያከፋፈሉት ሥራ እዚህ ላይ አልቆ ነበር።

«ንገሪው እንጂ፣ ልጄ» አሉ አቶ ሙዘይን ከበሩ።

«ወስደዋታል፣ ዳዲ» አለች ሰናይት። «ሁለት ሳምንት ሆነው።»

«ነደደች?»

«የስ።»

«እሳቱን ማን አጠፋው?»

«ዴል።» ካርዷን በጣቷ ትጠመዝዛለች። «ሶ… ብዙ ጠበቁህ። ሦስቴ ኮል አደረገ። ታሟል ብዬ ብነግረው ቤት መጥቶ ይነግርሃል ብዬ… አባቴ መምጣት አይፈልግም አልኩት። ፎር ዩር ሃርት፣ ዳዲ። ኦኬ? ለልብህ ብዬ ነው።»

«አይፈልግም አልሽው።»

«ምን ላድርግ?»

ባለቤቴ አያት። አልተቆጣም። ቢቆጣ ኖሮ እወድ ነበር።

አቶ መኩሪያ እግዚአብሔር ያጽናዎት አሉ። ወይዘሮ ብርሃኔ አሁን ተፈቅዶላታልና አለቀሰች። አቶ ሙዘይን ዳቦውንና ስኳሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «አላህ ያጽናህ፣ ወንድሜ» አሉና ወደ በሩ ተመለሱ።

መርዶ የተነገረው ሰው መርዶ ነጋሪዎቹን ማመስገን አለበት። ባለቤቴ ሥርዓት አዋቂ ነበር። የተሰፋ ደረቱን በእጁ ደግፎ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ለሁሉም በየተራ አንገቱን ዝቅ አደረገ፣ ለልጁም ጭምር።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ። «በዚህ ብርድ ለእኔ ብላችሁ ደከማችሁ። በደስታ ልክፈላችሁ።» ተመልሶ ተቀመጠ። ወደ እኔ ሳይዞር፣ «አስካለ» አለኝ፣ «ሻይ አፍዪላቸው። ሥራ የሚገባ አለ።»

ሰናይት መንገድ ልትለቅልኝ ከኩሽናው ደፍ ፈቀቅ አለች።

ወደ ኩሽናው ግን አልገባሁም፤ ካፖርቴን ከማንጠልጠያው አወረድኩ። ጫማዬን አደረግሁ። አቶ ሙዘይን በሩን ከፈቱልኝ፤ ወጣሁ።